የማይለቀስበት ክፍል

ለቅሶ በእኛ አገር ሥርዓት አለው። አንኮበር ላይ ሰው ሲሞት ጩኸቱ ገደል ተሻግሮ ካልተሰማ ሞተ አይባልም። በዝምታ የተሸኘ ሬሳ ወይ ወገን አልነበረውም፣ ወይ ወገኑ አልወደደውም ተብሎ ይታማል፤ ሐሜት ደግሞ ከመቃብር አፈር ይከብዳል። ይህን ሥርዓት ያወጡት ሰዎች ግን ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ገብተው፣ ከመተላለፊያው መጨረሻ ያለችውን ጨለማ ክፍል አላዩም።

በሩ ላይ «ጽኑ ሕሙማን» ተብሎ ተጽፏል። አስታማሚው ግን «ዝም ያለችው ክፍል» ነበር የሚላት። አራት አልጋ፣ አንድ የኦክስጅን ሲሊንደር፣ መስኮቱ ላይ በሚስማር የተመታ ጥቁር ብርድ ልብስ፤ ሌላ ነገር የላትም። የሚተኛባት መንጋጋ ቆልፍ የያዘው ሰው ነው። ይህን በሽታ ያላየ ሰው ዕድለኛ ነው። የታመመው ሰው ትንሽ ድምፅ ከሰማ ወይም ድንገት ብርሃን ካየ ሰውነቱ በሙሉ ይኮማተራል፤ ጥርሱ ይገጥማል፣ ጀርባው ይለመጥና አልጋውን የሚነካው ተረከዙና ማጅራቱ ብቻ ይሆናል፣ ትንፋሹም ይያዛል። ልቡናውን ግን አይስትም፤ የሚሆነውን ሁሉ ያውቃል። ክፋቱ ይኸው ነው። መድኃኒቱ አንድም ቫሊየም የሚሉት ማረጋጊያ፣ አንድም ዝምታ ነው። ቫሊየሙ አንዳንድ ጊዜ ያልቅ ነበር፤ ስለዚህ ዝምታው እንዳያልቅ ሁሉም እንደ ታቦት ይጠብቀው ነበር።

ወለተሐና ከሐምሌ መግቢያ ጀምሮ እዚያ ክፍል ውስጥ ናት። አገሯ ላይ ሹክ ማለት የማታውቅ፣ ከጓሮዋ ቆማ ማዶ ያለ ጎረቤት የምትጣራ ሴት ነበረች። እዚህ ጫማዋን ደጅ አውልቃ መግባት፣ ሳሏን በነጠላዋ ማፈን፣ የበሩን ማጠፊያ ጠዋት ጠዋት ኑግ ዘይት መቀባት ተማረች። ከንፈር ማንበብም ለመደች። የቸገረው እርጉዝ ያገባል ይባል የለ፤ የእሷም ነገር እንዲያ ነው።

የተኛው ልጇ ዘርአ ዳዊት ነው። ዲያቆን ነው፤ ጢሙ ገና መብቀሉ ነው፤ የቀራት ልጅም እሱ ብቻ ነው። በሚያዝያ ግድም የገበሬ ማኅበሩ ለብሔራዊ ውትድርና ጎረምሳ መልቀም ሲጀምር፣ አንድ ዓይን ያለው በአፈር አይጫወትም ብላ፣ ቆላ ወርዶ የገዳሙን ጣራ ከሚጠግኑት ሰዎች ጋር እንዲከርም ላከችው። እዚያ ከአሮጌው ቆርቆሮ የወለቀ የዛገ ሚስማር ረገጠ። እያነከሰ ሲመጣላት ቅቤ አቅልጣ ቁስሉ ላይ አፈሰሰችበትና በጨርቅ ጥብቅ አድርጋ አሰረችው፤ እናቷም እንዲሁ ታደርግ ነበር። በሳምንቱ መንጋጋው አልከፈት አለ።

«ከጥይት ሸሽጌ ለሚስማር ሰጠሁት» አለች አንድ ቀን ለኩብራ፣ በከንፈሯ ብቻ።

ኩብራ የዓሊዩ አምባ የጨው ነጋዴ ሚስት ናት። ልጇ ሰሊሃ እንጨት ለቀማ ወጥታ እግሯን እሾህ ወጋት፤ ከዘርአ ዳዊት ቀጥላ ባለችው አልጋ ላይ ናት። ሁለቱ ሴቶች ቀድሞም በመልክ ይተዋወቃሉ። ወለተሐና ዓሊዩ አምባ ገበያ በወረደች ቁጥር ጨዉ እርጥብ ነው እያለች ከኩብራ ባል ጋር ስትነታረክ ኖራለች። አሁን አንዷ ስትተኛ ሌላዋ የሁለቱንም ልጆች ትጠብቃለች። ሰሊሃን ሲይዛት ወለተሐና ራሷን ትደግፋለች፤ ዘርአ ዳዊትን ሲይዘው ኩብራ እግሩን ትይዛለች። በአፍንጫቸው በገባው ቀጭን ጎማ አጥሚቱን የምታወርደውም ተራዋ የደረሰው ናት። ኩብራ በልቧ ዱዓ ታደርጋለች፣ ወለተሐና በልቧ ውዳሴ ማርያም ትደግማለች፤ ፈጣሪ ከዚያ ክፍል ይህን ያህል የተለየ ነገር የሰማ አይመስለኝም።

ስለ ለቅሶው ሕግ የወጣው እነሱ እያሉ ነው። ከእነዋሪ የመጡ አንድ ሽማግሌ በሩ አጠገብ ያለው አልጋ ላይ ሞቱ። ሚስታቸው፣ ምን ታድርግ፣ እንደ ወጉ «ወየው!» ብላ ጮኸች። በዚያ ጩኸት ሦስቱም ሕመምተኞች አንድ ላይ ተወጠሩ። ዘርአ ዳዊትንና ሰሊሃን ለቀቃቸው፤ አራተኛው አልጋ ላይ የነበረው የደነባ ሰውዬ ግን ትንፋሹ ሳይመለስ ቀረ። ሲስተር ለተጊዮርጊስ፣ የክፍሏ ነርስ፣ አስታማሚውን ሁሉ መተላለፊያው ላይ ሰበሰበችና ተናገረች።

«ከእንግዲህ እዚህ ክፍል ውስጥ አይለቀስም። ሰው የሞተበት አፉን ይዞ ይውጣ። ግቢው ውስጥም አይለቀስ፤ መስኮቱ ስስ ነው። ድምፃችሁ እዚህ የማይደርስበት ቦታ ስትደርሱ የፈለጋችሁትን ሁኑ።»

«ኸረ ሲስተር፣ ሰው አይደለን? እንዴት ይቻላል?» አለ ወንድሙን ሊያስተኛ መተላለፊያው ላይ አልጋ ይጠብቅ የነበረ አንድ የጅሩ ሰው።

«አይቻልም። ግን ሲለቀስ ምን እንደሚሆን አይታችኋል።»

ቀድማ ራሷን የነቀነቀች ወለተሐና ነበረች። ሕግ ሲወጣ ሁልጊዜ ለሌላ ሰው የወጣ ነው የሚመስለው።

የጅሩው ሰው ወንድሙን ይዞ ወደ አዲስ አበባ ሄደ፤ ክፍሏ ለሁለቱ እናቶች ቀረች። በፍልሰታ ጾም መካከል ዘርአ ዳዊት ተሻለው። መያዙ አልፎ አልፎ ሆነ። አንድ ጠዋት ጥርሱ ትንሽ ተላቀቀና «እማ፣ ውኃ» አለ። ወለተሐና በማንኪያ ጠብ አደረገችለት፤ ዋጠው። ሲስተሯ ገብታ ይህን ስታይ ፈገግ አለች፤ ፈገግታ አታበዛም ነበር። «ይህን ሳምንት ድምፅ ሳይነካው ካለፈ ይተርፋል» አለች። ወለተሐና በዚያ ቀን ወደ አንኮበር በሚሄድ ሾፌር ቄስ ለነበረው ለሟች ባሏ ወንድም፣ ለቄስ ወልደአረጋይ፣ መልእክት ላከች። ልጁ እየዳነ ነው፤ ለቡሄ ኑና እዩት ብላ። ደስታ መቼም ብቻውን መቀመጥ አይወድም።

የቡሄ ዕለት ከሰዓት በፊት ልጆች ዱላቸውን እያንኳኩ «ሆያ ሆዬ» ሊሉ ወደ ሆስፒታሉ በር መጡ። ዘበኛው ሮጦ ሙልሙል አስያዘና ከሩቅ መለሳቸው። ጎበዝ ዘበኛ ነበር። ማርሽ ባንድ ግን በሙልሙል አይመለስም።

ጊዜው የአብዮቱ ዐሥረኛ ዓመት ሊከበር አንድ ወር የማይሞላ ጊዜ የቀረው ነው። የሰልፉ ልምምድ ሌላ ጊዜ ሜዳው ላይ ነበር። ያን ዕለት ሜዳው በዝናብ ጭቃ ስለሆነ ሰልፉን ወደ አስፋልቱ አወጡት፤ አስፋልቱ ደግሞ በሆስፒታሉ አጥር ሥር ያልፋል። የመጀመሪያው ከበሮ ከሩቅ እንደተሰማ ሲስተር ለተጊዮርጊስ በነጠላ ጫማዋ ዝናቡ ውስጥ ሮጠች። ከሰልፉ ፊት ለፊት የሚሄደውን ካድሬ እጁን ያዘችው።

«ጓድ፣ እባክህ እዚህች ጋ ብቻ ዝም ብላችሁ እለፉ። በድምፅ የሚሞት ሰው ተኝቷል።»

ካድሬው ከላይ እስከ ታች አያት። «አብዮቱ ዝም ይበል ነው የምትይው?» አላት።

እጁን ለቀቀችው። እሷ ስትመለስ ጥሩምባው ተነፋ።

ወለተሐና ቀድማ የልጇን ጆሮዎች በጥጥ ደፍናለች፤ በላዩ እጇን፣ በእጇ ላይ ደረቷን ጥላበታለች። ኩብራም ማዶ እንዲሁ ልጇ ላይ ተኝታለች። ከበሮው ግን በጆሮ ብቻ አይደለም የሚገባው፤ የአልጋው ብረት ራሱ ተንቀጠቀጠ። ዘርአ ዳዊት እጇ ላይ ተወጠረ። እንደዚያ ተወጥሮ አያውቅም። ዓይኑ ፈጦ ያያታል፤ ያውቃታል፤ አንድ ነገር አድርጊልኝ ይላታል። ሲስተሯ ገብታ መርፌ ወጋችው፣ ኦክስጅኑን አፍንጫው ላይ አደረገችለት፤ ጉሮሮው ግን ተዘግቶ ነበርና አየሩ ከደጅ ቀረ። ከንፈሩ ጠቆረ። ሰልፉ አልፎ ድምፁ ወደ ገበያው ሲርቅ የልጁ ጀርባ ቀስ እያለ አልጋው ላይ ወረደ። ወለተሐና ለቀቀው ብላ አንዴ በደስታ ቀና አለች። ከዚያ ሲስተሯ ሲሊንደሩን ስትዘጋ አየች።

ጩኸቱ ከሆዷ ተነሣ። ደረቷ ደረሰ። አፏን ከፈተች።

ሲስተሯ አልነካቻትም፤ በእጇ ወደ ማዶ አልጋ ብቻ አሳየቻት። ሰሊሃን ለቅቋታል፣ ግን ላብ አጥምቋት፣ ትንፋሿ እንደ ክር ቀጥኖ፣ ጣቷ ገና ይንቀጠቀጣል። አንድ ጊዜ ደግሞ ከያዛት እንደማትመለስ ለማወቅ ሐኪም መሆን አያስፈልግም። ኩብራ በሁለት እጇ የልጇን ጆሮ ይዛ ወለተሐናን ታያለች። ከንፈሯ «እትዬ» አለ።

እውነቱን እንናገር፤ ወለተሐና በዚያች ቅጽበት ጠላቻት። የእኔ ሞቶ የእሷ ለምን ይተርፋል አለች በልቧ። ልጄ አንድ ጩኸት አይገባውም? ዲያቆን ነው፣ የቄስ ልጅ ነው፣ ወገን እንደሌለው ውሻ ዝም ልበልበት? ይህን ሁሉ ያለችው አፏን እንደ ከፈተች ነው። ከዚያ የነጠላዋን ጫፍ ጠቅልላ አፏ ውስጥ ጎሰጎሰችውና ነከሰች። ጎንበስ ብላ የልጇን እግር፣ ሚስማር የወጋውን ውስጥ እግሩን፣ በግንባሯ ነካችው። በባዶ እግሯ ወጣች። የተቀባው በር ድምፅ ሳያሰማ ከኋላዋ ተዘጋ።

ሲስተሯ መተላለፊያው ላይ ደረሰችባት። እሷም ታለቅሳለች፣ ያለ ድምፅ። «እማማ ወለተሐና፣ ይቅር ይበሉኝ። አስከሬኑን በጓሮ በር እናወጣዋለን። እርስዎ ከግቢው ይራቁ፣ እባክዎ።»

ወለተሐና ነጠላውን ከአፏ አወጣች። «አይዞሽ ልጄ፣ አውቅበታለሁ» አለቻት። «ይህ ሁለተኛዬ ነው።»

እውነቷን ነው። የመጀመሪያ ልጇ ብርሃነ መስቀል እዚሁ ደብረ ብርሃን ትምህርት ቤት ነበር። በሰባ ዓመተ ምሕረት፣ በቀይ ሽብሩ፣ ከተከራየበት ቤት ወስደው ገደሉትና ደረቱ ላይ ወረቀት ለጥፈው መንገድ ዳር ጣሉት። ለእናቱ፣ ለአናርኪስት ያለቀሰ አናርኪስት ነው፤ ጥቁር የለበሰም እንዲሁ ተብሎ ተነገራት። ያን ቀን ሽንኩርት ስትኮተኩት ዋለች። ጎረቤቶቿ እሳት ልጫር፣ እርሾ ስጪኝ እያሉ አንድ አንድ እያሉ መጡ፤ እጇን ጨብጠው፣ ፍሙን በገል ይዘው ሄዱ። ሐዘኑ በዚያ አለቀ፤ ማለትም አላለቀም። ያኔ አፏን የዘጋው ጠመንጃ ነው፤ ዛሬ የዘጋችው ራሷ ናት። የትኛው እንደሚብስ ብትጠየቅ አታውቅም።

ከሆስፒታሉ በር ስትደርስ ዘመዶቿ ከጭነት መኪና እየወረዱ ነው።

ቄስ ወልደአረጋይ ጥምጥማቸውን ያስተካክላሉ። ከኋላቸው የባሏ እኅት ሸዋረገድ፣ አንድ ቁና ሙሉ ሙልሙል ተሸክማ። ሸዋረገድን ማሳወቅ ያስፈልጋል። በአንኮበር ዙሪያ ሸዋረገድ ያላስለቀሰችው ለቅሶ የለም። ሙሾ ስታወርድ በዚህ ተራራ ሆና በዚያ ተራራ ያለው ሰው መቀነቱን ፈቶ ያለቅሳል ይባልላታል። ከእሷ ጋር ሌሎች ሁለት ሴቶች አሉ። አንዲት ቃል ብትሰማ ያ ጉሮሮ ከጨለማው ክፍል መስኮት ሥር ሊከፈት ነው። ሌላ ጊዜ መርዶን ከእናት የሚደብቀው ዘመድ ነው፤ እናት ከዘመድ ስትደብቅ ያየ የለም።

«እንዴት ዋለ ልጃችን?» አሉ ቄሱ።

«ተሽሎታል» አለች ወለተሐና።

ድምፅዋ ከየት እንደመጣ እንጃ፤ ግን ደህና ድምፅ ነበር። ይኼኔ ያላሰበችው መጣ። ሸዋረገድ ቁናውን መሬት አስቀምጣ፣ ራሷን ወደ ኋላ ወርወር አድርጋ እልልታ ልትለቅ ምላሷን አነሣች። ለካስ ደስታም ይጮኻል! ወለተሐና ዘላ በእጇ መዳፍ አፏን ከደነችው። የእልልታው መነሻ መዳፏ ውስጥ ቀረ።

«ድምፅ ያመዋል» አለቻት። «ድምፅ ይገድለዋል ብለዋል። ብትወጂኝ ዝም በይ።»

«ታዲያ ገብተን እንየው» አሉ ቄሱ።

«አሁን አይገባም፤ ተከልክሏል። እስከዚያ ወደ በሬሳ ወንዝ እንውረድ፤ ሙልሙሉን ሜዳው ላይ ቁረሱልን። እኔም ነፋስ ናፍቆኛል።»

ቄስ ወልደአረጋይ ባዶ እግሯን አዩ፤ ዝናቡን አዩ፤ አልጠየቁም። መንገድ ጀመሩ።

ያን መንገድ ማንም እናት አይሂደው። ከኋላዋ ሴቶቹ በደስታ ይንሾካሾካሉ። ሸዋረገድ ለማርያም ጃንጥላ ተስያለሁ፣ አገባለሁ ትላለች። ከዚያ ነገሩ ወደ ማግባት ዞረ። ዲያቆን ሳያገባ አይቀስስምና፣ የጎረቤላው ቀኝ ጌታ ሴት ልጅ አለች፣ ዓይነ ግቡ፣ እጀ ጥሩ። «ለጥምቀት ብናጭለት ምን ይመስልሻል?» አለቻት ሸዋረገድ።

«እሺ» አለች ወለተሐና።

«ጫጩት እንጂ ምን ይመስል ነበር በሕፃንነቱ፤ አሁን ሙሽራ ሊሆንልን!»

«አዎን።»

ባንዱ ልምምዱን ጨርሶ ተበትኖ ይመለሳል። ጥሩምባውን በብብቱ የያዘው ልጅ የዘርአ ዳዊት እኩያ ይሆናል፤ ከንፈሩ አብጦበት በእጁ ጀርባ ያሻል። ሊያልፍ ሲል ለቄሱ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሣ፤ ቄሱም ባረኩት። ወለተሐና ልትጠላው ፈልጋ አቃታት። ሆዷ ውስጥ ለሌላ ነገር የሚሆን ቦታ አልነበረም። ወደ ኋላ ዞር ብላ አየች፤ የሆስፒታሉ ጣራ ገና ይታያል። የኩብራ ልጅ ትድን አትድን እንደሆነ እንኳ አታውቅም። ይህን ሁሉ የምታደርገው ምናልባት አሁን ለሌለች ልጅ ሊሆን ይችላል። ግን ሄደች።

በሬሳ ሞልቶ ያጓራል። ክረምቱ ካበቀለው ሣር ላይ ተቀመጡ። ጣራው አሁን ከጉብታው ኋላ ገብቷል። ቄስ ወልደአረጋይ አንድ ሙልሙል አንሥተው «አቡነ ዘበሰማያት» ጀመሩ፤ ሴቶቹ ተነሥተው ቆሙ። ወለተሐናም ቆመች። ጸሎቱ እስኪያልቅ ታገሠች። ከዚያ ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ፣ ጥለቱን ወደ ላይ አዞረችና አዘቅዝቃ ለበሰችው።

በእኛ አገር ይህን አይቶ ምንድን ነው ብሎ የሚጠይቅ የለም። ሙልሙሉ በቄሱ እጅ ላይ ሳይቆረስ ቀረ።

«መቼ?» አሉ።

«ጥሩምባው ሲያልፍ።»

«ታዲያ በሩ ላይ…»

«ሌላ ልጅ አለች ውስጥ። ብትጮኹ ትሞታለች።»

ሸዋረገድ መሬት ላይ ወደቀች። ተነሣች። ያ በተራራ ላይ የሚሰማው ድምፅ ከደረቷ ወጣና የወንዙን ጩኸት ዋጠው። ሴቶቹ ደረታቸውን መቱ። ቄሱ ጥምጥማቸውን አውልቀው በጉልበታቸው ላይ ሆነው እንደ ሕፃን አለቀሱ። ወለተሐና ብቻ ቆማለች፤ አፏ ቢከፈትም ድምፁ ገና መንገድ ላይ ነው። ሸዋረገድ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች፣ እጆቿን አጣምራ ሙሾውን ልታወርድ «ዘርአ ዳዊት…» ብላ ጀመረች።

ወለተሐና ክንዷን ያዘቻት።

«ቆዪ። ሁለት ናቸው። ከታላቁ ጀምሪልኝ።»

ሸዋረገድ ሙሾውን አቋረጠች። ቄስ ወልደአረጋይ ቀና ብለው አስፋልቱን አዩ፤ ሁለት አብዮት ጠባቂዎች ጠመንጃ አንግተው፣ ድምፁ ስቧቸው፣ ድልድዩ ላይ ቆመዋል።

«ወለተሐና፣ እባክሽ» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሰዎቹ ይሰማሉ።»

«እዚህ ሆነን የሚታመምብን ሰው የለም» አለች ወለተሐና። «እነሱ ይስሙ።»

ሸዋረገድ ድልድዩን አየች፣ ቄሱን አየች፣ በመጨረሻ የወንድሟን ሚስት ፊት አየች። ከዚያ ራሷን ወደ ኋላ አድርጋ ብርሃነ መስቀልን በስሙ ጠራችው።